የአሮጌ መኪና አየር ማውጫ፦ ማስጠገን፣ ያገለገለ ኦሪጅናል ወይስ አዲስ ኮፒ?

ጅማ ላይ ዝናቡ ሲጀምር ቶሎ አይለቅም። ጠዋት ልጆቹን ጭናችሁ ከኮቺ ወደ ፈረንጅ አራዳ ስትነዱ መስታወቱ ወዲያው በእስትንፋስ ጉም ይለብሳል። የፊቱን መስታወት ከሥሩ የሚወጣው አየር ያጸዳዋል። ስፖኪዮውን የምታዩበትን የጎን መስታወት የሚያጸዳው ግን ዳሽቦርዱ ዳር ላይ ያለው አየር ማውጫ ነው። እሱ ከተሰበረ በጎናችሁ የሚመጣውን ባጃጅ አታዩትም። ለዚህ ነው ነገሩን እንደ ጌጥ የማላየው።

የእኔ መኪና በፈረንጆች 1997 የተሠራ ኮሮላ ነው። ሦስቱንም መንገድ ሞክሬበታለሁ።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ጥፋቱ በእርግጥ አየር ማውጫው ላይ መሆኑን እዩ። ፋኑ በመጨረሻው ፍጥነት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ብዙ ጊዜ የተቃጠለው የፋኑን ፍጥነት የሚቀንሰው ሬዚስተር ነው። ከሁሉም ቀዳዳ ደካማ ንፋስ ከወጣ፣ መኪናችሁ የውስጥ አየር ፊልተር ካለው መጀመሪያ እሱን አውጥታችሁ ተመልከቱ። ቪትዝ ላይ ከዳሽቦርዱ ኪስ ጀርባ ታገኙታላችሁ። ንፋሱ እግር ላይ ብቻ ከቀረ አቅጣጫ የሚቀይረው ኬብል ወልቆ ሊሆን ይችላል። ጥቁር የስፖንጅ ፍርፋሪ የሚተፋ ከሆነ ደግሞ ውስጥ ያሉት አየሩን የሚመሩ ትናንሽ በሮች ስፖንጅ አርጅቷል። እነዚህን ሁሉ አዲስ አየር ማውጫ አይፈታቸውም።

አየር ማውጫው ራሱ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው አንድ ነገር ነው። አየሩን ወደምንፈልገው አቅጣጫ በሚመሩት ክንፎች ጫፍና ጫፍ ያለችው የክብሪት ራስ የማታህል ፒን። ፕላስቲኩ ለዓመታት ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል። ከዚያ የስልክ መያዣ እላዩ ላይ እንሰቅልበታለን፣ ኮብልስቶኑ ያንቀጠቅጠዋል፣ ፒኗ ቀጭ ትላለች።

ማስጠገን ከሦስቱ ርካሹ ነው፣ ጎበዝ እጅ ካገኘ ደግሞ ጠንካራው። ሱፐር ግሉ ብቻ ቀብቶ የሚመልስላችሁን ሰው ግን እንቢ በሉት። ሲደርቅ ድርቅ ብሎ ይቀራል፣ ሙቀትና መንቀጥቀጥ አይችልም፣ በዙሪያውም ነጭ ጭጋግ ይተዋል። እኔ ያደረግኩት እንዲህ ነው። የወረቀት ክሊፕ ሽቦ በፒንሳ ይዤ በላይተር አጋልኩት። ፒኗ በነበረችበት ቦታ ወደ ክንፉ ውስጥ 5 ሚሊ ሜትር ያህል አስገባሁት። ሲቀዘቅዝ ፕላስቲኩ ጨምድዶ ያዘው። ከዚያ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ አስቀርቼ ቆረጥኩት። ሁለት ክረምት አልፎታል፣ አሁንም ይዞራል። ይህ የሚሠራው ግን የተሰበረው ክንፉ ከሆነ ነው። ፍሬሙ ላይ ያለው ቀዳዳ ከተቀደደ ሽቦው የሚይዘው ነገር የለም። ስታወጡትም በብረት ካቻቢቴ አትፈንቅሉት፤ ዳሽቦርዱን ያቆስላል። ኤርባግ ባለው መኪና ላይ መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ንቀሉ።

ፍሬሙ ከሄደ ያገለገለ ኦሪጅናል ልክ ይገጥማል፣ ቀለሙም ይመሳሰላል። ችግሩ ዕድሜው ነው። ከእናንተ መኪና ጋር እኩል ያረጀ ፕላስቲክ ነው የምትገዙት። ስለዚህ ክንፎቹን ላይ ታች፣ ግራ ቀኝ አንቀሳቅሱ። የተዋችሁበት ቦታ መቆም አለባቸው። ፒኑ ሥር ነጭ መስመር ካያችሁ ተዉት፣ ለመሰበር ተዘጋጅቷል። ከኋላ ያሉትን መያዣ ጥርሶች አንድ በአንድ ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ ሻጩ ሲያወጣው አንዱ ተሰብሯል።

አዲስ ኮፒ ሳጥን ውስጥ ሲታይ ያምራል። ፕላስቲኩ ሳስቶ፣ ክንፎቹ ልቅ ሆነው፣ ቀለሙም ከዳሽቦርዱ ይልቅ ሲያብለጨልጭ ነው ያገኘሁት። የእኔ በአንደኛው ጥግ አልገባ ብሎ ጥርሱን በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። ዋጋው ካገለገለው ካነሰ እንኳን መሀል ላይ ለሚቀመጠው አልመክረውም፤ ዓይናችሁ ሁልጊዜ እዚያ ነው። ዳር ላይ ላለው ክብ ዓይነት ግን ይሆናል። በስሪዲ ፕሪንተር የሚያሠራላችሁ ካገኛችሁ፣ ፒኤልኤ በሚባለው ፕላስቲክ አታሠሩ። 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ደግሞ ከዚያ ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ አንድ ክንፍ ብቻ ከወለቀ አስጠግኑ። ፍሬሙ ከተሰነጠቀ ያገለገለ ፈልጉ። ኮፒ የምትገዙት ያገለገለው ሲጠፋ ነው።

ጅማ ካጣችሁት ፍለጋው አዲስ አበባ፣ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ድረስ ይሄዳል። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በስልክ ብቻ አትዘዙ። እኔ አዝዤ የቀኝ ፈልጌ የግራ መጣልኝ፣ ሱቁም አልመልስም አለ። የመላኪያውን ሒሳብ ስደምርበት ያን ያህል ገንዘብ ጅማ ሁለት ጊዜ ያስጠግነኝ ነበር። አሁን የአሮጌውን ፎቶ ከፊትም ከጀርባም አንስቼ እልካለሁ፤ ብዙዎቹ ከጀርባቸው የግራና የቀኝ ምልክት አላቸው። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዞረ ቪትዝ የምትነዱ ደግሞ በመኪናው ስም ብቻ አትጠይቁ። ዳሽቦርዱ ከየትኛው መኪና እንደመጣ የሚያውቀው ያዞረው ሰው ብቻ ነው። አሮጌውን አስወጥታችሁ፣ በእጃችሁ ይዛችሁ፣ ከሚገዛው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡት።