ሎክዴፕን ሦስት ሳምንት ሞከርኩት

ለቡና ማድረቂያ አልጋ የሚሆን የእርጥበት ሴንሰር ድራይቨር (ሴንሰሩን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) እዚሁ ጅማ እየሠራሁ ነው። ድራይቨሩ ሊኑክስ ላይ የሚጫንና የሚወጣ ሞጁል ነው፤ ሲጫን ሰላም ነው። ሳወጣው ግን አንዳንዴ አርኤምሞድ (ሞጁል የሚያወጣው ትእዛዝ) እንደገባ ይቀራል። በማቆሚያ ትእዛዞቹ ኪል ብለው፣ ኪል ማይነስ ናይን ብለው፣ ንቅንቅ የለም። 120 ሰከንድ ሲያልፍ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ራሱ "ይህ ሥራ ቆሟል" ብሎ ይጽፋል፣ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ያለው ምርጫ ሪስታርት ነው። ያቃጠለኝ ደግሞ ይቺ "አንዳንዴ" ናት፤ ሃያ ጊዜ አውጥቼ ሃያ አንደኛው ላይ ድርቅ ይላል።

ሎክዴፕ የሊኑክስ ከርነል ውስጥ ያለ የሎክ መርማሪ ነው፤ ሎክ ማለት አንድን ነገር በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ እንዲነካው የሚያደርግ ቁልፍ ነው። ኢንጎ ሞልናር ነው የጀመረው፤ በፈረንጆቹ 2006 ገባ። የወደድኩለት ዴድሎኩ (ሥራዎች እርስ በርስ ሲጠባበቁ መድረቃቸው) እስኪደርስ አለመጠበቁን ነው። ፕሩቭ ሎኪንግን (ሎክዴፕን የሚያበራውን ምርጫ) አብርቼ ከርነሉን ኮምፓይል አደረግሁ (መሃል ላይ መብራት ሄደ፣ እሱን ተዉት)። ኪውኢሙ በሚባል በሶፍትዌር የተሠራ ማሽን ላይ አስነሳሁት፣ ሞጁሉን ጫንኩ፣ ዎርኩ (ድራይቨሩ ከጀርባ የሚያሠራው ሥራ) አንዴ እንዲሮጥ ጠበቅሁና አወጣሁት። ማሽኑ ምንም አልሆነም፣ ማስጠንቀቂያው ግን ዱብ አለ። ለካ የመውጫው ፈንክሽን ሙቴክሱን (የድራይቨሩን ሎክ) እንደያዘ ዎርኩን የሚያስቆመውን ካንስል ዎርክ ሲንክን ይጠራል፣ እሱ ዎርኩ እስኪያልቅ ይጠብቃል፣ ዎርኩ ደግሞ ያንኑ ሙቴክስ ይጠብቃል። መፍትሔው ሁለት መስመር ቦታ ማቀያየር ሆነ፦ መጀመሪያ ዎርኩን ማስቆም፣ ከዚያ ሙቴክሱን መያዝ።

አሁን ወደ ስሞታዬ። ማሽኑን ያዘገየዋል፣ ለሰው በምሰጠው ከርነል ላይ አላበራውም። ያልሮጠ ኮድም አይታየውም፤ ስህተት ሲፈጠር ብቻ የሚሮጠውን ኮድ ራሳችሁ ማስኬድ አለባችሁ። ዋናው ግን፣ አንድ ማስጠንቀቂያ ካወጣ በኋላ ራሱን ያጠፋል! ይህን ሳላውቅ ከሰዓቱን ሙሉ ስፈትን ዋልኩ፣ ሎጉ ጭጭ፣ "ጸዳ" ብዬ ጓደኛዬን ቡና ጋበዝኩት። ለካስ ጠዋት ማሽኑ ሲነሳ በሌላ ድራይቨር ምክንያት አንዴ ጮኾ ተኝቷል። አሁን ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊትም በኋላም ከርነሉ መረጃውን በሚያሳይበት ፕሮክ በሚባል ማውጫ ውስጥ ሎክዴፕ ስታትስ የሚባለውን ፋይል ከፍቼ ዲበግ ሎክስ የሚለው መስመር 1 መሆኑን፣ ማለትም ሎክዴፕ አለመጥፋቱን፣ አያለሁ። 0 ከሆነ ኪውኢሙን አጥፍቼ እንደገና አስነሳለሁ። ጓደኛዬ ግን የቡናውን ነገር እስካሁን አልረሳልኝም።