ቱሉ ዲምቱ ላይ ሮክ መማር፦ የጀማሪ ስትራትና የኪስ አምፕ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ቀጥታ ልናገር። ከከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ውስጥ እየኖራችሁ የሮክ ዘፈን በኤሌክትሪክ ጊታር መማር ካሰባችሁ፣ ዋናው ጥያቄ የትኛውን ጊታር ልግዛ የሚለው አይደለም። ድምጹን የት አወጣዋለሁ የሚለው ነው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ። የብሎካችን ግድግዳ ስስ ነው። ከጎኔ ያለችው ልጅ ነርስ ናት፤ የሌሊት ተረኛ ስትሆን ቀን ትተኛለች። ከታች ያሉት እማማ ራዲዮ ሲከፍቱ ዜናውን አብሬያቸው እሰማለሁ። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ትልቅ አምፕ (የጊታር ድምጽ ማጉያ) አስገብቶ ዲስቶርሽን፣ ያንን የሮክ ሻካራ ድምጽ፣ መልቀቅ ነውር ነው። ስለዚህ ለጊታሩ ትልቅ አምፕ ሳይሆን መዳፍ ውስጥ የሚገባ፣ በቻርጅ የሚሠራ የጆሮ ማዳመጫ አምፕ ገዛሁ። አምፑ የጊታሩ ጃክ (የኬብል መሰኪያው ቀዳዳ) ላይ ይሰካል፣ ጆሮ ማዳመጫው አምፑ ላይ ይሰካል፣ አለቀ።

ጊታሩ የስትራት፣ ማለትም የፌንደር ኩባንያው ስትራቶካስተር፣ ቅርጽ ያለው፣ ለጀማሪ የሚሸጥ የቻይና ሥሪት ነው። የሁለቱንም ብራንድ አልጠራም፤ በዚህ ደረጃ ያሉት ከሞላ ጎደል ይመሳሰላሉ። አክስቴ ከዱባይ በሻንጣ ነው ያመጣችልኝ። ፌንደር ስትራቶካስተርን እ.ኤ.አ. በ1954 ሲያወጣ አንገቱን ከአካሉ ጋር ያያዘው በብሎን ነው፣ የዛሬዎቹም እንደዚያው ናቸው። ክሩን አላልቶ አራቱን ብሎን የፈታ ሰው ጊታሩን ትልቅ ሻንጣ ውስጥ ያስገባዋል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ይህን ንገሩት።

ስትመርጡ አንድ ነገር አጥብቃችሁ እዩ፦ በብሪጁ (ክሮቹ አካሉ ላይ በሚያርፉበት ብረት) በኩል ያለው ፒክአፕ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል፣ ሀምበከር የሚባለው ዓይነት ይሁን። ባለ ነጠላ የሽቦ ጥቅሉ ፒክአፕ ደስ የሚል ጥርት ያለ ድምጽ አለው፣ ግን የቤቱን የኤሌክትሪክ መስመር ንዝረት ሁሉ ይሰበስባል። ዲስቶርሽን ሲጨመርበት ያ እምም የሚል ህምምታ ሙዚቃውን ይሸፍነዋል። ሀምበከር በተቃራኒ የተሠሩ ሁለት ጥቅሎች ስላሉት ጫጫታው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ነገሩ በደንብ የገባኝ አንድ ማታ መብራት ሲሄድ ነው። ነጠላውን ፒክአፕ ከፍቼ እየተጫወትኩ ነበር። ቤቱ ሲጨልም ህምምታውም አብሮ ቀጥ አለ። አምፑ በባትሪ ስለሚሠራ ጊታሩ አልተቋረጠም፤ ክሩ ብቻ፣ ንጹህ ሆኖ፣ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲጠፋ ነጠላውን ፒክአፕ እመርጣለሁ። በዚያ ሰዓት የሚያወጣው ድምጽ በሌላ ጊዜ አይገኝም።

የጆሮ ማዳመጫ ሌላው ጥቅም የእጅን ሥራ አለመደበቁ ነው። የዲፕ ፐርፕልን «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር» ጀማሪ ሁሉ ይሞክረዋል። አራተኛውና ሦስተኛው ክር አብረው፦ ባዶ፣ ሦስተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተቀበረው ብረት)፣ አምስተኛው ፍሬት። ቀላል ነው። ግን የባንዱ ጊታሪስት ሪቺ ብላክሞር ሁለቱን ክሮች የሚመታው በፒክ (በትንሿ የክር መምቻ) ሳይሆን በጣቶቹ፣ እኩል ነው። በፒክ ስትመቱት አንዱ ክር ከሌላው ቅንጣት ያህል ይቀድማል። በክፍት ድምጽ ማጉያ ልዩነቱ ብዙም አይለይም። በጆሮ ማዳመጫ ግን ቁልጭ ብሎ ይሰማል፣ እጃችሁም ቶሎ ይታረማል።

የአምፑ ድክመት ደግሞ አለ። የ2003ቱን የዋይት ስትራይፕስ «ሰቨን ኔሽን አርሚ» ብትሞክሩ ያንን ወፍራም ድምጽ አታገኙትም። ብዙ ሰው ቤዝ ይመስለዋል፤ ጊታር ነው፣ ድምጹን አንድ ኦክታቭ ዝቅ በሚያደርግ ፔዳል (በእግር በሚረገጥ መሣሪያ) ያለፈ። ይህች ትንሽ ዕቃ ክሊን (ያልሻከረ ድምጽ)፣ መካከለኛና ከባድ ዲስቶርሽን፣ ትንሽ ኤኮ ብቻ ነው ያላት። ለእኔ ይበቃኛል። ብሉቱዝም አላት፣ ከስልክ ዘፈኑን ከፍቶ አብሮ ለመጫወት። ማዳመጫው ግን ባለ ሽቦ ይሁን። በገመድ አልባው ክሩን ከመታችሁ በኋላ ድምጹ ዘግይቶ ይመጣል፣ ሪትም መጠበቅ ጭራሽ አይቻልም።

ጊታሩ ላይ ከሁሉ በላይ ያስቸገረኝ ብሪጁ ነው። ተንሳፋፊ ነው፣ ከጀርባ በስፕሪንግ ተወጥሮ የቆመ። አንዱን ክር ስታላሉ ሌሎቹ ይጠብቃሉ። የጋንስ ኤንድ ሮዝስ «ስዊት ቻይልድ ኦ ማይን» ደግሞ ሁሉም ክር ግማሽ ቶን ዝቅ ብሎ ነው የተቀዳው። ከአልበሙ ጋር አብሬ ልጫወት ስል ስድስቱን ቃኝቼ ስጨርስ መጀመሪያ የቃኘሁት ተበላሽቶ ይጠብቀኛል። መፍትሔው ቀላል ነው። የጀርባውን ሽፋን ፈትቼ ስፕሪንጎቹን የያዙትን ሁለት ብሎኖች አጠበቅኩ፣ ብሪጁ አካሉ ላይ ተኛ። ክር ማወዛወዣው ዘንግ ወደ ታች ብቻ ነው አሁን የሚሠራው፣ ቅኝቱ ግን ይጸናል። ጀማሪ ከሆናችሁ ጊታሩ እጃችሁ በገባ ቀን ይህን አሠሩ።

አየሩም ጊታሩን ይነካዋል። በጋ ላይ እንጨቱ ደርቆ ይሰበሰባል፣ ብረቱ አይሰበሰብም። የፍሬቶቹ ጫፍ ከአንገቱ ጠርዝ ወጣ ብሎ መዳፍ መቧጨር ጀመረ። ቤዝ የሚጫወት ጓደኛዬ በስስ ሞረድ አለዘበልኝ። ክረምት ላይ ደግሞ ክሩ ቶሎ ይዝጋል። ተጫውቶ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ነው፣ ሌላ ዘዴ የለውም። ጥሩ ክር ለመግዛት መሃል ከተማ መውጣት ስላለብኝ፣ ስሄድ የመጀመሪያውን ክር በተጨማሪ እይዛለሁ። የሚበጠሰው ሁሌ እሱ ነው።

ስለ ሶሎ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። አብዛኛው የሮክ ሶሎ የሚመላለሰው ማይነር ፔንታቶኒክ በሚባሉት አምስት ድምጾች ላይ ነው። እነዚያ አምስት ድምጾች የኛው ባቲ ማይነር ናቸው። ጆሯችን ከልጅነት ያውቃቸዋል። ስለዚህ ስኬሉን በቁጥር ከመሸምደዳችሁ በፊት የምታውቁትን የባቲ ዜማ ጊታሩ ላይ ፈልጉት። እኔ እንደዚያ ካደረግኩ በኋላ ነው ጣቴ ቀጥሎ የት እንደሚያርፍ ሳልፈልግ የሚያገኘው። ጃኖ ባንድን የሰማ ሰው የኛ ቅኝትና የዲስቶርሽን ጊታር እንዴት እንደሚስማሙ ያውቃል።

አንድ ቀን ነርሷ ደረጃ ላይ አግኝታኝ «ጊታሩን ተውከው እንዴ?» አለችኝ። ያን ሰሞን በየማታው እየተጫወትኩ ነበር። ለአምፑ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

አሁን ያለበትን ሁኔታ ለመናገር፣ ጊታሩ ደህና ነው። ጃኩ ብቻ ላልቶ ነበር። የስትራት ጃክ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ስለሆነ አምፑ ጠልቆ አይሰካም፣ እየተንጠለጠለ ያወዛውዘዋል። አጭር ኬብል መሃል ላይ አስገብቼ ተገላገልኩ። የአምፑ ባትሪ ግን ደክሟል፤ መጀመሪያ ላይ ይቆይ የነበረውን ግማሽ እንኳ አይቆይም፣ ከፓወር ባንክ ጋር አያይዤ ነው የምጠቀመው። የእኔው ታሽጎ የተሠራ ስለሆነ ባትሪው አይቀየርም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ባትሪው የሚፈታ መሆኑን ጠይቁት፣ ከተቻለም ከፍቶ ያሳያችሁ።