ዲሽ ወይስ ኢንተርኔት? ደሴና ኮምቦልቻ ላላችሁ

አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 2024 በወጣ ደንብ፣ የኬብልና የሳተላይት ቲቪ ድርጅቶች ጠቅላላ ዋጋቸውን በአንድ መስመር እንዲያሳዩ ታዘዋል። ስትሪሚንግን (በኢንተርኔት የሚታየውን ቲቪ) ግን ደንቡ አይነካውም። እኛ ሂሳቡን ራሳችን እንደምር።

ዲሽ፦ ሰሃኑን፣ ሪሲቨሩንና የገጣሚውን አንዴ ከከፈላችሁ የኢትዮሳት ቻናሎች በነጻ ናቸው። ዲኤስቲቪ ከሆነ በየወሩ ነው፤ ካልከፈላችሁ ይዘጋል።
ኢንተርኔት፦ የመተግበሪያው ክፍያ ቀላል ይመስላል። ጉዱ ያለው ዳታው ላይ ነው። ኤችዲ (ጥራቱ ከፍ ያለ ምስል) በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ይበላል፤ አንድ ኳስ ጨዋታ እስከ 6 ጊጋ ሊጠጋ ነው። ጥራቱን ዝቅ ማድረግ ያዋጣል።

ጦሳ ሲግናል ይጋርዳል የምትሉ፣ ተራራውን አትውቀሱት። ጦሳ በምዕራብ ነው፤ የኢትዮሳት ሳተላይት በደቡብ ምሥራቅ ሰማይ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ዲሽን የሚያስቸግረው የክረምት ዶፍ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ስልክ ይሻላል፣ ኔትወርኩ አብሮ ካልጠፋ።

ቤተሰቡ ማታ ማታ ሰብሰብ ብሎ ዜናና ድራማ የሚያይ ከሆነ ዲሽ ያዋጣል። ኮምቦልቻ ተከራይቶ የሚሠራ ላጤ፣ በተለይ አከራዩ ጣሪያ አላስነካ ካሉት፣ በስልኩ ይበቃዋል። ገደብ የሌለው ዋይፋይ ያስገባ ቤት ግን ስለ ጊጋ ምን አስጨነቀው?