«9000 ሉመን፣ 4ኬ ሰፖርት» የሚል ፕሮጀክተር ልትገዙ ነው? ቆም በሉ

ለቤት ሲኒማ ፕሮጀክተር የምትፈልጉ ሁሉ፣ ካርቶኑ ላይ በትልቁ «4ኬ ይደግፋል» ወይም «1080ፒ ሰፖርት» የሚል ካያችሁ ገንዘባችሁን ለጊዜው ያዙ። መሣሪያው በኤችዲኤምአይ የመጣለትን 4ኬ ቪዲዮ ተቀብሎ ያሳንሰዋል፤ ግድግዳው ላይ የምታዩት ውስጡ ያለው ፓናል (ምስሉን የሚሠራው ክፍል) የያዘውን ፒክስል ያህል ብቻ ነው። እንዲህ ተብለው የሚሸጡት ርካሾቹ ብዙ ጊዜ 800 በ480 ወይም 1280 በ720 ናቸው። ሙሉ 1080ፒ 2 ሚሊዮን ገደማ ፒክስል አለው፣ 800 በ480 ደግሞ 384 ሺህ። ስለዚህ ሻጩን «ኔቲቭ ሪዞሉሽኑ (የፓናሉ የራሱ የፒክስል ብዛት) ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩን ካልነገራችሁ አትግዙ።

የባሰው ማታለያ ግን ብርሃኑ ላይ ነው። ትክክለኛው መለኪያ አንሲ ሉመን ወይም አይኤስኦ ሉመን ነው። በአንሲ አለካክ ነጭ ምስል ዘጠኝ ቦታ ተከፍሎ የእያንዳንዱ ክፍል መሐል ይለካል፤ አማካዩ በምስሉ ስፋት ይባዛል። ምንም ሳይጨመርበት «9000 ሉመን» ብቻ የተጻፈ ከሆነ፣ ማንም እንዳሻው የጻፈው ቁጥር ነው። አንዳንዶቹ «አንሲ» የሚለውንም ያለ ልኬት ይለጥፉታል፤ ስለዚህ መሣሪያው ጀርባ ወይም ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ዋት ተመልከቱ። 60 ዋት ይላል እንበል። በጣም ጥሩ ኤልኢዲ በአንድ ዋት 150 ሉመን ቢሰጥ፣ ለማራገቢያውና ለድምፁ ምንም ሳይቀር 60ው ዋት በሙሉ ወደ ኤልኢዲው ቢሄድ እንኳ 9000 የሚሆነው ገና ምንጩ ላይ ነው። ከዚያ ብርሃኑ በአንድ ኤልሲዲ ፓናል ውስጥ ያልፋል፦ ፖላራይዘሩ (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፈው ማጣሪያ) ግማሹን ያስቀራል፣ የቀለም ማጣሪያው ከተረፈው ሁለት ሦስተኛውን ይውጣል። 1500 ደረሰ። የፓናሉና የሌንሱ ብክነት ሲጨመር እጃችሁ ላይ የሚቀረው ጥቂት መቶ ሉመን ነው።

ስንት ይበቃል? 100 ኢንች ምስል 221 በ125 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል። በዲጂታል ሲኒማ ደረጃ (48 ኒት፤ ኒት የስክሪን ድምቀት መለኪያ ነው) እንዲታይ፣ ፍጹም ጨለማ በሆነ ክፍል ነጭ ስክሪን ላይ 400 ሉመን ያህል ማረፍ አለበት። መብራቱ በጊዜ ይደክማል፣ ቀለሙ የተስተካከለበት የፊልም ሞድም ብርሃን ይቀንሳል፤ ስለዚህ 1000 አንሲ አካባቢ ፈልጉ። መብራት አብርታችሁ ለምታዩ ደግሞ ከ2000 በታች አትውረዱ።

ሳትከፍሉ አስከፍታችሁ ሞክሩ። ላፕቶፕ ሰክታችሁ 1920 በ1080 ላይ አድርጉት፤ የጽሑፍ ማጉያውን 100 በመቶ ላይ አቁማችሁ ትንንሽ ፊደል ያለበት ገጽ ክፈቱ። ፓናሉ ደካማ ከሆነ የ«ሐ» ሦስት እግሮች አንድ ላይ ተጣብቀው ይታያሉ። ከዚያ መሐሉን አጥርታችሁ አራቱን ማዕዘኖች እዩ፤ ርካሽ ሌንስ መሐሉን ሲያጠራ ዳሩን ያደበዝዛል፣ ይህ ደግሞ በሴቲንግ አይስተካከልም። ሻጩ መሣሪያውን አጋድሞ ምስሉን በኪስቶን (የተዛባ ምስልን በሚያቃናው ማስተካከያ) ካቀናው፣ ኪስቶኑን አጥፍቶ ፊት ለፊት እንዲያቆመው ንገሩት። ዲጂታል ኪስቶን ካሉት ፒክስሎች ላይ ቆርጦ ነው የሚያቀናው።

ገዝታችሁ ቤት ስትወስዱት ደግሞ ነጭ ምስል ላይ አድርጋችሁ ሁለት ሰዓት ያህል አቆዩት። የእነዚህ መሣሪያዎች ብርሃን የሚያልፍበት ክፍል ብዙ ጊዜ የታሸገ አይደለም፤ ማራገቢያው አቧራ ስቦ ያስገባል፣ ጥቁር ትዕይንት ላይም የደበዘዘ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ሙቀቱ ፖላራይዘሩን ካቃጠለው ደግሞ መሐሉ ላይ ቢጫ ጥላ ይቀራል። ይህንን ሱቁ ውስጥ በአምስት ደቂቃ አታዩትም፤ የመመለሻ ጊዜው በደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ፣ ካርቶኑንም እስከዚያ አትጣሉ።

ያገለገለ ባለ አምፖል ዲኤልፒ (በቺፕ ላይ ባሉ ጥቃቅን መስታወቶች ምስል የሚሠራ ፕሮጀክተር) ለሚያስቡም፦ በሜኑው ላይ የሚታየው የአምፖል ሰዓት በብዙዎቹ ወደ ዜሮ ሊመለስ ይችላል፣ እሱን ብቻ አትመኑ። ሙሉ ጥቁር ምስል አስከፍቱና ቅርብ ቆማችሁ እዩ። የማይጠፉ ነጭ ነጥቦች ካሉ ቺፑ ላይ ያሉት መስታወቶች መሞት ጀምረዋል፤ አምፖል መቀየር አያድነውም፣ ነጥቦቹም እየበዙ ነው የሚሄዱት።