የሌሊት ተረኛዋን ሲስተር አመስግኑልኝ

በአዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሌሊት ተረኛ የነበረችን ነርስ ለማመስገን ነው የምጽፈው። ስሜ አይጻፍ ስላለችኝ አልጻፍኩም፤ የምትሰራበትን ማወቅ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

እማዬ ስኳር አለባት። አመሻሽ ላይ ከእምብርቷ በላይ ያቃጥለኛል፣ ያቅለሸልሸኛል አለች፤ ላብ አጠመቃት። መጀመሪያ የወሰድናት ክሊኒክ ጨጓራ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጥቶ መለሰን። ሲብስባት ሆስፒታል ሄድን። እኔ ካርድ ለማውጣት ወረፋ ይዤ ሳለሁ ሲስተር ፊቷን አይታ መጣች። «እማማ፣ ሕመሙ ወደ መንጋጋዎ ወይስ ወደ ክንድዎ ይሄዳል? ስኳር አለብዎት?» ብላ ጠየቀቻት። መልሱን እንደሰማች «ካርዱ ይደርሳል» አለችኝና ወዲያው አስተኝታ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በወረቀት የሚያሳይ ምርመራ) አነሳቻት።

የመጀመሪያው ኢሲጂ ምንም ግልጽ ነገር አላሳየም። ብዙ ቦታ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። እሷ ግን ሕመሙ አልለቀቃትም ብላ ጥቂት ቆይታ ደግማ አነሳቻት፤ ያኔ ታየ፣ የልብ የደም ስር ተዘግቷል። ወረቀቱን ይዛ ራሷ ወደ ሐኪሙ ሮጠች። አስፕሪን አስኝከው፣ ስቴንት (የተዘጋን የደም ስር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ወደሚሰራበት ሆስፒታል ደውለው በአምቡላንስ ላኳት። ዛሬ እማዬ ቤቷ ናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

በኋላ ሐኪሙ እንዳስረዱኝ፣ የልብ ድንገተኛ ጥቃት የተጠረጠረበት ሰው በገባ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ መነሳት አለበት። የደም ስሩ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋና ሆስፒታሉ በባሉን (የደም ስር ውስጥ ገብቶ በሚነፋ ትንሽ ፊኛ) መክፈት ከቻለ እስከ 90 ደቂቃ፣ ወደ ሌላ ሆስፒታል የሚላክ ከሆነ እስከ 120 ደቂቃ ነው ግቡ። ያ ካልተቻለ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በ30 ደቂቃ ውስጥ ይጀመራል። ደም ያጣ የልብ ጡንቻ በየደቂቃው ይሞታል፣ የሞተው ደግሞ አይተካም። እኛ ጋ ያ ጊዜ ካርድ ክፍልና ክፍያ መስኮት ላይ ያልቃል፤ ይህ በጣም ያንገበግበኛል። በተለይ ሴቶች፣ አረጋውያንና የስኳር ሕመምተኞች ደረታቸውን ሳያማቸው የልብ ጥቃት ሊመጣባቸው ስለሚችል ጨጓራ ተብለው ይመለሳሉ።

እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ሕመም ይዛችሁ ከሄዳችሁ ከመሰለፋችሁ በፊት ለነርሷ ንገሩ፣ ኢሲጂ ይነሳልን በሉ። ሕመሙ ካልቀነሰ እንዲደገም ጠይቁ።

ለሆስፒታሉ አስተዳደር የምስጋና ደብዳቤ አስገብቻለሁ። ይህች ሲስተር የደረሰችላችሁ ሌሎች ቤተሰቦችም ካላችሁ ጻፉላት።