ባለ 16 ካሬው የቤተሰብ ድንኳን ለወሎ ይሆናል?

ከርዕደ መሬት በኋላ ቤቱ ቆሞ ቢተርፍም ደፍሮ ውስጡ የሚያድር የለም፤ ንዝረቱ ይደጋገማልና። በ1953 ዓ.ም. የማጀቴን ከተማ ያፈራረሰው የካራቆሬ መንቀጥቀጥ ወራት ፈጅቷል። ስለዚህ ድንኳኑን የገመገምነው ልጆች ክረምቱን ሊከርሙበት እንደሚችሉ ቤት አድርገን ነው።

ቀይ መስቀልና የተመድ የስደተኞች ኮሚሽን የሚያድሉት መደበኛ ድንኳን ርዝመቱ 6.6፣ ወርዱ 4፣ መካከሉ ላይ ከፍታው 2.2 ሜትር ነው። የመኖሪያ ክፍሉ 16 ካሬ ሜትር ሲሆን ፊትና ኋላ ባለ 3.5 ካሬ በረንዳዎች አሉት። ሸራው ድርብ ስለሆነ ዝናብ ይችላል፤ በዚህ አይታማም።

የሚታማው በስፋቱ ነው። ለአምስት ሰው ተብሎ ይታደላል፤ ዓለም አቀፉ መለኪያ ግን ምግብ ማብሰያውን ሳይጨምር ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5፣ በብርድ አገር 4.5 ካሬ ሜትርና ከዚያም በላይ ይላል። 16 ለአምስት ሲካፈል 3.2 ነው። ስምንት ሆኖ የሚኖር ቤተሰብ ሁለት ድንኳን ይጠይቅ፤ በሮቹንም አፋጦ ይትከል። ከፍ ላሉ ሴቶች ልጆች መኝታ ገመድ ወጥሮ ነጠላ ወይም አንሶላ መጋረድ የመጀመሪያው ቀን ሥራ ነው።

አተካከሉ ላይ ብዙ ይበላሻል። ከቆመ ግድግዳ ወይም ካብ የከፍታውን አንድ ተኩል እጥፍ ይራቁ። በድንኳኖች መካከል ቢያንስ 2 ሜትር፣ ቦታ ካለ 4.4 ሜትር ይተው፤ አንዱ ቢቃጠል እሳቱ ወደ ሌላው እንዳይዛመት። ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ይላላል፤ ካስማው በሁለቱም ጊዜ ይነቀላል። መፍትሔው ድንጋይ የሞላ ማዳበሪያ ከረጢት ግማሽ ሜትር ያህል ቀብሮ ገመዱን እሱ ላይ ማሰር ነው። የሸራው የታችኛው ጠርዝ አፈር ይልበስ፤ ቦዩ ከዚያ ውጪ በዳገቱ በኩል ይቆፈር። ጠርዙን ቦዩ ውስጥ የጣለ ሰው ጎርፉን ራሱ አስገባ ማለት ነው። ገመዶቹ ላይ ነጭ ጨርቅ ይታሰር፤ ሲመሽ ሕፃናት የሚደናቀፉት በእነሱ ነው።

ለኮምቦልቻና ለከሚሴ ሙቀት ድንኳኑ ጥሩ ነው፣ ቀን ቀን በሮቹን መክፈት ብቻ ነው። ደሴና ወረኢሉ ላይ ግን ብርዱን ለብቻው አይችለውም። እዚያ ሰው ከሰል ምድጃ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ አደጋውም ያ ነው። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ የተኛን ልጅ ሳይነቃ ይገድላል። ቡናውም ወጡም ውጪ ይሁን፣ በረንዳውም ሸራ ነው። ለብርዱ ከወለሉ ላስቲክ በላይ ጭድ የሞላ ከረጢት አንጥፎ ብርድ ልብስ መደረብ ይሻላል።

አምራቹ ያላሰበው አንድ ነገር አለ፦ ድንኳኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። የአራት ዓመት ልጅ ሽንት ቤት ደርሶ ሲመለስ ቤቱ ይጠፋበታል። በር ላይ የታወቀ ቀለም ያለው ጨርቅ ማንጠልጠል፣ ትንንሾቹ ልብስ ላይም የወላጅ ስምና የድንኳን ቁጥር መጻፍ ያስፈልጋል። ብቻውን የተገኘ ልጅ «ዘመዱ ነኝ» ላለ ሁሉ አይሰጥም፤ በወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት።

ሲረከቡ ጥቅሉን ዘርግቶ ምሰሶ፣ ካስማና ገመዱን ከዝርዝሩ ጋር ቆጥሮ መፈረም ነው፤ ከተፈረመ በኋላ የጎደለ ካስማ የሚተካ የለም።