ዋይፋይ እየያዘ ጣቢያ የማያወጣ የኢንተርኔት ሬዲዮ ሰዓት እየተሸጠ ነው፤ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

በቴሌግራም ሱቆች፣ በመርካቶ፣ በሜክሲኮና በስታዲየም ዙሪያ ባሉ የኤሌክትሮኒክስ መደብሮች “ዱባይ ዩዝድ”፣ “ከአሜሪካ የመጣ” እየተባሉ የሚሸጡ ባለ አላርም የኢንተርኔት ሬዲዮዎች አሉ። ማስታወቂያው “የዓለም ጣቢያ በሙሉ፣ ዕድሜ ልክ በነጻ” ይላል። ዕቃው ያምራል፣ ስክሪኑ ይበራል፣ ኤፍኤሙም ጥርት ብሎ ይሰማል። ቤት ወስዳችሁ ዋይፋይ ስታገናኙት የኔትወርኩ ምልክት ይሞላል፣ የጣቢያ ዝርዝሩን ስትከፍቱ ግን መሽከርከር ብቻ ነው። ሻጩ ጋ ስትደውሉ መልሱ “የእናንተ ኔትወርክ ደካማ ነው” ይሆናል። በከተማችን ኔትወርክ ሲቆራረጥ ለኖረ ሰው ይህ የሚታመን ምክንያት ስለሆነ ብዙ ሰው ዝም ብሎ ይቀራል። እውነቱ ግን ሌላ ነው።

የኢንተርኔት ሬዲዮ ጣቢያዎቹን በሆዱ ይዞ አይዞርም። “ኢትዮጵያ” ወይም “ዜና” የሚለውን ስትነኩ የጣቢያዎችን አድራሻ መዝግቦ ወደሚይዝ የአንድ ኩባንያ ሰርቨር ሄዶ ይጠይቃል፤ መልሱ ሲመጣለት ነው ድምፁን ከጣቢያው የሚቀዳው። ሰርቨሩ ከተዘጋ ሬዲዮው አንድም ክፍሉ ሳይበላሽ የሚጠይቀው ያጣል። ሪሲቫ የሚባለው የጣቢያ ማውጫ እ.ኤ.አ. በ2021 ተዘግቷል። የግሬስ ዲጂታል፣ የሳንጂን እና የሲ ክሬን የቆዩ ሞዴሎች በእሱ ላይ የተመሠረቱ ስለነበሩ አገልግሎታቸው አብሮ ወደቀ። ሶኒ ዳሽ የሚባለው ባለ ስክሪን የኢንተርኔት ሰዓት አገልግሎቱ ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2017 ቆሟል። የሎጂቴክ ስኩዊዝቦክስ ሬዲዮ የሚጠቀምበት ድረ ገጽ ደግሞ በ2024 ተዘግቷል፤ እሱን ግን ቤት ውስጥ በሚበራ ኮምፒውተር ላይ ሊሪዮን ሚዩዚክ ሰርቨር የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም በመጫን ማንቀሳቀስ ይቻላል። ኮምፒውተሩ ሌሊቱን በርቶ እንዲያድር የማትፈልጉ ከሆነ ግን ለአላርም ብላችሁ አትግዙት።

ውጭ አገር እንዲህ ዓይነቱ ዕቃ በርካሽ ይለቀቃል ወይም ይጣላል። እዚህ ሲደርስ ግን ዋጋው የሚሠራ ዕቃ ዋጋ ነው። ስለዚህ “ፓክድ ነው፣ ካርቶኑ አልተከፈተም” መባሉ ምንም ዋስትና አይሆንም፤ እንዲያውም ዓመታት መጋዘን የከረመ ፓክድ ዕቃ ይበልጥ ሊያሳስባችሁ ይገባል። የሞዴሉን ቁጥር ከጀርባው ወይም ከታቹ አንብባችሁ፣ ማውጫው በየትኛው ኩባንያ እንደሚሠራ በስልካችሁ ፈልጉ። የሮበርትስና የሃማ ዓይነቶቹ ብዙ ጊዜ የሚሠሩት በፍሮንቲየር ቺፕ ነው። ፍሮንቲየር እ.ኤ.አ. በ2019 ማውጫውን ከቪቲዩነር ወደ ኤረብል ቀይሯል። እነዚህ በአብዛኛው ይሠራሉ፣ ግን ከዚያ በፊት የተመረተ ከሆነ ሶፍትዌሩ መታደሱን አረጋግጡ። በቀድሞው ባለቤት የተያዙት ፕሪሴቶች፣ ማለትም በቁልፍ የሚጠሩት ተወዳጅ ጣቢያዎች፣ ባዶ ቢሆኑም አትደናገጡ፣ እንደገና ይያዛሉ።

ሌላው ማጭበርበሪያ ከዚህ የባሰ ግልጽ ነው። “ዋይፋይ ሬዲዮ” ተብሎ የሚሸጠው ጭራሽ ዋይፋይ የሌለው የብሉቱዝ ስፒከር ይሆናል፣ ሰዓትና ኤፍኤም ተጨምሮበት። ሻጩ ስልኩን በብሉቱዝ አገናኝቶ ከስልኩ ላይ የውጭ ጣቢያ ያጫውትላችኋል፤ ኢንተርኔቱ ያለው ስልኩ ላይ ነው፣ ሬዲዮው ስፒከር ብቻ ነው። ካርቶኑ ላይ ኤፍኤም፣ ቢቲ፣ ቲኤፍ፣ ዩኤስቢ፣ ኦክስ ብቻ ተጽፎ ዋይፋይ ከሌለ ጉዳዩ አልቋል። ቢቲ ማለት ብሉቱዝ፣ ቲኤፍ ማለት ደግሞ የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ ነው።

ሱቅ ውስጥ የሚደረገው ሙከራ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፣ ሻጩ ቸኩያለሁ ካለ አትግዙ። በቅድሚያ በአካባቢው ያለውን የማንኛውንም ሰው ስልክ ብሉቱዝ አስጠፉ። ከዚያ የራሳችሁን ሆትስፖት ክፈቱ፣ በሻጩ ዋይፋይ አትሞክሩ። አብዛኛው የዚህ ዓይነት ሬዲዮ የሚያየው 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ስለሆነ በአንድሮይድ የሆትስፖቱን ባንድ ወደ 2.4 ቀይሩ፤ በአይፎን ደግሞ ከሆትስፖቱ ገጽ ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ የሚለውን አብሩ። የይለፍ ቃሉ አጭርና ያለ ልዩ ምልክት ይሁን፣ በሚሽከረከር ቁልፍ ፊደል በፊደል መምረጥ አሰልቺ ነው። ከተገናኘ በኋላ ፕሪሴት ቁልፎቹን ሳትነኩ ወደ ጣቢያ ዝርዝሩ ግቡ፣ በአገር የሚለውን ምረጡ፣ ራሳችሁ የፈለጋችሁትን አገርና ጣቢያ ክፈቱ። ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ጣቢያዎች ከተለያየ አገር መጫወት አለባቸው። አንድ ጣቢያ ባይከፍት የጣቢያው ችግር ሊሆን ይችላል፣ ዝርዝሩ ራሱ ካልመጣ ግን ሬዲዮውን መልሱለት።

ጣቢያው እየሠራ ከሆነ ወደ አላርሙ እለፉ። ከሦስት ደቂቃ በኋላ በኢንተርኔት ጣቢያ እንዲነሳ ሙሉትና ጠብቁ። ቀጥሎ እንደገና ሙሉትና በዚህኛው ጊዜ ሆትስፖቱን አጥፉት። ጥሩ ሬዲዮ ጣቢያውን ሲያጣ በራሱ ጢጥ ጢጥ ብሎ ይቀሰቅሳል። መናኛው ዝም ይላል፣ ወይም ስክሪኑ ላይ “በመገናኘት ላይ” እንዳለ ይቀራል። በዚህ ሙከራ የወደቀውን ምንም ቢረክስ አትውሰዱ፤ ለፈተና ወይም ለአውሮፕላን የምትነሱበት ቀን ኔትወርክ ከሄደ የሚያስነሳችሁ የለም። በመጨረሻ ከሶኬት ነቅላችሁ ሁለት ደቂቃ ቆዩና መልሳችሁ ሰኩት። ሰዓቱ ጠብቆ ከቆየ፣ አላርሙም እንደበራ ከሆነ ጥሩ። ብዙዎቹ ውስጥ ያለችው ጠፍጣፋ ባትሪ ሰዓቱን ታስታውሳለች እንጂ ድምፅ ማውጣት አትችልም፤ መብራት ጠፍቶ እያለ የሚደውል አላርም ከፈለጋችሁ የሚሞላ ባትሪ ያለው መሆኑን ጠይቁ።

የአዳፕተሩንም ጽሑፍ አንብቡ። ኢንፑት ከሚለው ትይዩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ካለ ከእኛ 220 ጋር ይስማማል። 120 ቮልት ብቻ የሚል የአሜሪካ አዳፕተር በሶኬት መቀየሪያ ብቻ ቢሰካ ይቃጠላል፤ መቀየሪያው ጥርሱን እንጂ ቮልቱን አይለውጥም። አዳፕተሩ ጠፍቶ በሌላ ተተክቶ ከሆነ ደግሞ የአውትፑቱ ቮልት ሬዲዮው ጀርባ ላይ ካለው ጋር እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም በላይ፣ የፕላስና የማይነስ አቅጣጫውም አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

“ዳብ ፕላስ አለው” ለሚል ጭማሪ ገንዘብ አትክፈሉ፣ ዳብ የሚባለው የዲጂታል ሬዲዮ ስርጭት አዲስ አበባ ላይ የለም። ኤፍኤሙን ግን ፈትሹት። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ከሆነ የሚይዘው ከ76 ጀምሮ እስከ 90 ወይም 95 ስለሚሆን ኤፍኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1 እና ሸገር 102.1 ከነጭራሹ አይገኙበትም። የአሜሪካው ደግሞ በ0.2 እየዘለለ በጎዶሎ አሥረኞች ላይ ብቻ የሚቆም ሊሆን ይችላል፤ 97.1ና 102.1 ያገኛል፣ ኢትዮ ኤፍኤም 107.8ን ግን አያገኝም። ማስተካከያው አንዳንዱ ላይ በሜኑ ውስጥ አለ፣ ሌላው ላይ የለም።

አሁን የገዛችሁት ጤነኛ ቢሆንም ሰው በጣም የሚሳሳትበት አንድ ቦታ አለ፣ ሰዓት አቆጣጠሩ። ሬዲዮው ጊዜን ከኢንተርኔት በራሱ ስለሚወስድ የከተማ ምርጫ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ከሌለ ናይሮቢን ምረጡ፣ እንደኛው የሰዓት መቀያየር የላትም። ካይሮን አትምረጡ፣ ግብፅ ከ2023 ጀምሮ በበጋቸው ሰዓቱን አንድ ወደፊት ትገፋለች። ሬዲዮው የሚያሳየው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሳ ሰው የሚሞላው 6:00 ኤኤም ነው። 12:00 ኤኤም ብሎ የሞላ ሰው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ይቀሰቀሳል፣ ጠዋት ደግሞ ያረፍዳል።

በራሳችን ሰዓት እንዲያሳይ በእጅ የሚያስተካክሉት ብዙ ናቸው፤ ኔትወርክ ሲመለስ ሬዲዮው ያንን ይሽረዋል፣ አላርሙም በስድስት ሰዓት ይዛባል። የተሻለው መንገድ ከተማውን ቦነስ አይረስ አድርጎ አቀማመጡን ባለ 12 ሰዓት ማድረግ ነው። አርጀንቲና ከእኛ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ስለሆነችና ሰዓት ስለማትቀያይር ስክሪኑ ልክ የኢትዮጵያን ሰዓት ያሳያል፣ ቀኑ ኤኤም፣ ማታውና ሌሊቱ ፒኤም ይሆናል። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ማለት 1:30 ኤኤም ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ያስፈልጋል፦ ዕለቱ የሚለወጠው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስለሆነ ለሰኞ ንጋት 11 ሰዓት የምትሞሉት አላርም በሬዲዮው ዘንድ የእሁድ 11:00 ፒኤም ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ብላችሁ ከሞላችሁት ሰኞ አይደውልም፣ ቅዳሜ ንጋት ላይ ግን ይቀሰቅሳችኋል።

ዳታን በተመለከተ፣ 128 ኪሎቢት የሚያሰራጭ ጣቢያ በሰዓት ወደ 58 ሜጋባይት ይበላል፤ ሌሊቱን 8 ሰዓት ሲጫወት ካደረ 460 ሜጋባይት ገደማ ነው። በሞባይል ጥቅል የምትጠቀሙ ከሆነ የእንቅልፍ ማጥፊያውን 30 ደቂቃ ላይ አድርጉት። ቤታችሁ መብራት የሚቆራረጥበት ከሆነ ለራውተሩ ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ትንሽ ባትሪ) ግዙለት፣ ቮልቱ የራውተሩን ይምሰል፤ 9 የሆነም 12 የሆነም አለ። ያለዚያ መብራት ሲመለስ ሬዲዮው ቀድሞ ይነሳና ራውተሩ ገና ሳይነቃ ዋይፋይ ፈልጎ ያጣል።

እኛ በበኩላችን የአገር ውስጥ ጣቢያ ብቻ ለሚሰማ የመሃል ከተማ ነዋሪ ይህን ዕቃ አንመክርም። ኤፍኤሙ ፒያሳም አራት ኪሎም ጥርት ብሎ ይገባል፣ ባለ ባትሪ ተራ የኤፍኤም ሰዓት ይበቃዋል። የውጭ ጣቢያ የሚፈልግም መሳቢያ ውስጥ የተኛ አሮጌ ስልክ ካለው የሬዲዮ አፕ ጭኖ፣ ቻርጀር ላይ ሰክቶ ራስጌው ቢያስቀምጠው መብራት ቢጠፋም ባትሪው ያስነሳዋል፣ ማውጫው ቢዘጋም ሌላ አፕ ይጭናል።

ቁርጥ አድርጋችሁ የምትገዙ ከሆነ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ተቀበሉ፣ በላዩ ወይም በተያያዘ ወረቀት ላይ የሞዴሉ ቁጥርና “የኢንተርኔት ጣቢያ ይሠራል” የሚል በማኅተም ይጻፍላችሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። ያለ ደረሰኝ በሞተር ሳይክል የመጣላችሁን ዕቃ ግን ከማን እንደገዛችሁ ማስረዳት ይከብዳል። ስለዚህ አድራሻ የሌለው የቴሌግራም ሻጭ ቀድማችሁ ገንዘብ እንድታስተላልፉ ከጠየቀ እምቢ በሉ። አምጥቶ በፊታችሁ፣ በእናንተ ሆትስፖት ያስጀምረው፣ ክፍያው ከዚያ በኋላ ይሁን። ሻጩ አላመልስም ካለ ሙከራውን በቪዲዮ ቅረጹ፣ ማመልከቻችሁን ከደረሰኙ ኮፒ ጋር ሱቁ ባለበት ወረዳ ለሚገኘው የንግድ ጽሕፈት ቤት ይዛችሁ ሂዱ።